የጢስ ማጣሪያው ሲደፈን ዕዳው የማን ነው?

በእንግሊዝ አገር ከተሞች በእጅ ሥራና በትንሽ ንግድ የሚተዳደረው ሰው፣ ቧንቧ ሠሪው፣ ኤሌክትሪክ ዘርጊው፣ ዕቃ አመላላሹ፣ እንጀራውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በአንዲት የናፍጣ ቫን ነው። ይህች መኪና አንድ ቀን ኀይሏ ይደክማል፤ በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ብጫ መብራት ይበራል፤ ወደ ጋራዥ ስትወሰድም መካኒኩ መርምሮ፣ ሞተሩም ካምቢዮውም ደኅና መሆናቸውን፣ የተደፈነው ግን የጢስ ማጣሪያው መሆኑን ይናገራል። የአዲሱ ማጣሪያ ዋጋ ሲጠየቅ ለብዙዎቹ ቫኖች ከ1000 ፓውንድ በላይ ይሆናል። መኪናዪቱ አሮጌ ከሆነች ይህ ገንዘብ ከራሷ ዋጋ ጋራ የሚቀራረብበት ጊዜ አለ።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የመካኒክና የባለመኪና ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲመለከቱት ግን፣ መንግሥት ለሕዝብ ጤና ብሎ የሚያወጣው ሕግ ክብደቱ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ፣ ሕጉም ከወጣ በኋላ የሚጠብቀው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጉልህ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የሚያረቁና የሚያስፈጽሙ ወጣቶች ሊያስቡበት የሚገባ ይመስለናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ማጣሪያው ለምን ተፈለገ

የናፍጣ ሞተር ጉልበታምና ነዳጅ ቈጣቢ በመሆኑ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ከጢሱ ጋራ ዐይን የማያያቸው የጥቀርሻ ቅንጣቶች ይወጣሉ። እነዚህ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው አፍንጫና ጉሮሮ አያግዷቸውም፤ እስከ ሳንባው የመጨረሻ ክፍል ይዘልቃሉ። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በጁን 2012 የናፍጣ ሞተርን ጢስ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው በተረጋገጡት ነገሮች ተራ ውስጥ አስገብቶታል።

የጢሱን ጉዳት ከቍጥር ይልቅ ለልብ የሚያስረዳው በለንደን የሆነው ነገር ነው። ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ፣ መኪና ከሚበዛበት ትልቅ መንገድ አጠገብ ትኖር ነበር፤ በጽኑ የአስም ሕመም ስትሠቃይ ቈይታ በ2013 ሞተች። እናቷ ለብዙ ጊዜ ከተከራከሩ በኋላ የሞትን ምክንያት የሚመረምረው ዳኛ በዲሴምበር 2020 በሰጠው ውሳኔ የአየር መበከል ለሞቷ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ መሆኑን፣ የተነፈሰችውም ብክለት በዋነኛነት ከመኪናዎች የመጣ መሆኑን አስታወቀ። በእንግሊዝ አገር የአየር መበከል በአንድ ሰው የሞት ምክንያት ላይ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እንግዲህ ማጣሪያው የተፈለገው ለመኪናው ጥቅም ሳይሆን፣ በመንገዱ ዳር ለሚኖረውና ለሚተነፍሰው ሰው ሲባል ነው።

ከፋብሪካው ጀምሮ ማጣሪያ ተገጥሞለት ለሕዝብ በመሸጥ የታወቀው የመጀመሪያው የቤት መኪና በ2000 የወጣው ፔዦ 607 ነበር። ከዚያ በኋላ የኤውሮፓ ኅብረት ኤውሮ 5 የተባለውን ደንብ አወጣ፤ ደንቡም ከሴፕቴምበር 2009 ጀምሮ በአዲስ ዓይነት የቤት መኪናዎች ላይ ተፈጻሚ ሆነ። ለከባድ ቫኖች አንድ ዓመት ያህል ተጨማሪ ጊዜ ተሰጣቸው። ከዚህ በፊት የናፍጣ የቤት መኪና በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ እስከ 0.025 ግራም ቅንጣት እንዲያወጣ ይፈቀድለት ነበር፤ በአዲሱ ደንብ ግን ይህ ወደ 0.005 ግራም ዝቅ አለ። በኋላም መመዘን ብቻ አይበቃም ተብሎ መቍጠር ተጀመረ፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ600 ቢሊዮን ቅንጣት በላይ እንዳይወጣ ተከለከለ። ይህን ልክ በናፍጣ ሞተር ያለ ማጣሪያ ለማግኘት ስለማይቻል ማጣሪያው የግድ ሆነ።

ጥቀርሻና አመድ

ማጣሪያው ከማርሚታው ጋራ በብረት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ እንደ ንብ እንጀራ ብዙ ቀዳዳ ያለው የሸክላ ዓይነት ጡብ ነው። ቀዳዳዎቹ አንዱ በፊት፣ የሚቀጥለው በኋላ እየተደፈኑ ስለ ተሠሩ፣ ጢሱ ከአንደኛው ገብቶ በሌላው ለመውጣት በግድግዳው ውስጥ ማለፍ አለበት። ግድግዳው አየሩን ያሳልፋል፤ ጥቀርሻውን ያስቀራል። ጠላ ሲጠለል ጉሹ በማጥለያው ላይ እንደሚቀር ያለ ነው። በደኅና ሁኔታ ላይ ያለ ማጣሪያ ከመቶው ቅንጣት ከ95 በላይ ያስቀራል። ዋጋው የሚወደደውም አሠራሩ ረቂቅ ስለ ሆነና እንደ ፕላቲኒየም ባሉ ውድ ማዕድናት ስለሚቀባ ነው።

ይሁን እንጂ የሚያስቀር ነገር ሁሉ መሙላቱ አይቀርም። ስለዚህ ማጣሪያው በራሱ ውስጥ ያለውን ጥቀርሻ እያቃጠለ እንዲጸዳ ተደርጎ ተሠርቷል። መኪናው በረዥም መንገድ ላይ ሲጓዝ የጢሱ ሙቀት ከፍ ስለሚል ጥቀርሻው ቀስ በቀስ ይነዳል። ይህ ሳይበቃ ሲቀር የመኪናው ኮምፒዩተር ጥቂት ተጨማሪ ናፍጣ እንዲረጭ ያዛል፤ የማጣሪያው ሙቀትም ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ መኪናው ለ10 ወይም ለ20 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ሊጓዝ ይገባዋል። በመካከሉ ሞተሩ ከጠፋ ሥራው ሳያልቅ ይቀራል።

የትንሹ ነጋዴ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቫኑ ከደጅ ወደ ደጅ ይሄዳል፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ተጕዞ ይቆማል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል። ስለዚህ ጥቀርሻው የሚነድበት ጊዜ አያገኝም። መኪናውን የሠራው መሐንዲስ ረዥም መንገድ አስቦ ሠርቶታል፤ የገዛው ሰው ግን የሚነዳው በሰፈር ውስጥ ነው። ሻጩም ይህን ልዩነት ለገዢው አስረድቶት ቢሆን ኖሮ፣ ብዙው ሰው ቤንዚን ወይም የኤሌክትሪክ መኪና በመረጠ ነበር።

በጥቀርሻና በአመድ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ለባለመኪናው ብዙ ገንዘብ ያተርፍለታል። ጥቀርሻ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነውና እሳት ሲያገኝ ይጠፋል። አመድ ግን ከሞተሩ ዘይት ውስጥ ካሉት ቅመሞች የሚቀር ስለ ሆነ አይነድም። በምድጃ ውስጥ ከሰሉን መልሶ ማንደድ ይቻላል፤ አመዱን ግን ከመዛቅ በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ማጣሪያውም እንደዚሁ ነው። በጥቀርሻ የተደፈነውን በረዥም ጉዞ ወይም በጋራዥ መሣሪያ አሙቆ ማጽዳት ይቻላል። ብዙ ርቀት ተጕዞ በአመድ የሞላውን ግን ፈትቶ አውጥቶ ማጠብ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ማጣሪያ ላለው መኪና አመዱ ጥቂት የሆነ ልዩ የሞተር ዘይት የታዘዘለት፤ በርካሽ ዘይት የተገኘው ትርፍ በማጣሪያው ዋጋ ይከፈላል።

ሦስቱ መንገዶች

ማጣሪያው ተደፍኖበት ለቆመው ሰው ሦስት መንገዶች ይቀርቡለታል።

የመጀመሪያው አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው። ይህ ቀጥተኛ ይመስላል፤ ግን የመደፈኑ ምክንያት ካልታወቀ አዲሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ይደፈናል። ምክንያቱም ማጣሪያው ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ሳይሆን ምስክሩ ነው። ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል የሚያንጠባጥብ፣ ቱርቦው ዘይት የሚያሳልፍ፣ ጢሱን ወደ ሞተር የሚመልሰው ቫልቭ ተከፍቶ የቀረ እንደ ሆነ ከልክ ያለፈ ጥቀርሻ ይመጣል። ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ሞተሩ በደንብ የማይሞቅ፣ ወይም የማጣሪያውን ግፊት የሚለካው ሴንሰር ጎማ ቱቦው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ደግሞ ማጽዳቱ ጨርሶ አይጀመርም። ጥቂት ፓውንድ የሚያወጣ ቱቦ ሳይመረመር ቀርቶ ከ1000 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ይለወጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሥር ፈልጎ ማከም ነው። ይኸውም በመጀመሪያ መካኒኩ በኮምፒዩተር መሣሪያ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት፣ የጥቀርሻውንና የአመዱን መጠን አንብቦ ምክንያቱን ይፈልጋል፤ ጥፋቱንም ያድሳል። ከዚያ በኋላ ጥቀርሻው ከልክ ያላለፈ እንደ ሆነ በመሣሪያ ትእዛዝ እንዲነድ ይደረጋል። ልኩን አልፎ ከሆነ ግን ይህን ማድረግ አደገኛ ነው፤ ብዙ ጥቀርሻ በአንድ ጊዜ ሲነድ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል፤ አንዳንዴም ያቀልጠዋል። በዚህ ጊዜ ማጣሪያው ወጥቶ በአየር ይነፋል፣ በምድጃ ይሞቃል፣ ወይም በውኃ ይታጠባል፤ ከመታጠቡ በፊትና በኋላም የአየሩ አላለፍ ይለካል። ሸክላው ካልተሰበረ በቀር ይህ ሁሉ ከአዲሱ ዋጋ በጣም ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚያስብ መካኒክም ይፈልጋል፤ ሁለቱም በየጋራዡ የሚገኙ አይደሉም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለ፣ ባለመኪናውም ብጫው መብራት በበራ ጊዜ ሳይውል ሳያድር መሄድ አለበት፤ ጽዳቱ ቀላል የሚሆነው ያኔ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ ሣጥኑን ቈርጦ ሸክላውን ማውጣት፣ መልሶ መበየድ፣ ኮምፒዩተሩንም ማጣሪያው እንዳለ አድርጎ ማታለል ነው። ዋጋው ከአዲስ ማጣሪያ ይረክሳል፤ መኪናው ወዲያው ኀይሉን ያገኛል፤ መብራቱም ይጠፋል። በውጭ ሲታይ ሣጥኑ በቦታው አለ። ለባለመኪናው ችግሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ችግሩ ግን ከኪሱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሰው ሳንባ ተዛውሯል።

ሕጉና መርማሪው

በእንግሊዝ አገር ሕግ እንዲህ የተደረገበትን መኪና በመንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው፤ ቅጣቱም ለቤት መኪና እስከ 1000 ፓውንድ፣ ለቀላል የጭነት መኪና እስከ 2500 ፓውንድ ይደርሳል። ከፌብሩዋሪ 2014 ጀምሮም፣ በእኛ አገር ለቦሎ እንደሚደረገው ባለው ዓመታዊ ምርመራ ላይ፣ መርማሪው ማጣሪያው በቦታው መኖሩን እንዲያይ ታዘዘ። በሜይ 2018 ደግሞ ማጣሪያ ካለው መኪና የሚታይ ጢስ ከወጣ መኪናው እንዲወድቅ ተደነገገ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ መርማሪው የሚያየው ሣጥኑን ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ ሸክላ ይኑር አይኑር በዐይን አይታይም። የጢስ መለኪያውም የቈየ ዓይነት ነው። ብርሃን በጢሱ ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደ ተጋረደ ይለካል። የዘመኑ ሞተር የሚያወጣው ጥቀርሻ ግን እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ብርሃኑን አይጋርድም። ስለዚህ ማጣሪያው የተነቀለበት መኪና ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ለአዲሱ መኪና ፋብሪካ ቅንጣትን በቢሊዮን የሚቈጥር ሕግ ወጥቶ ሳለ፣ ለአሮጌው መኪና የተመደበው መርማሪ ይህን ሊያይ የማይችል መሣሪያ ይዞ ቈሟል ማለት ነው።

አንዳንድ መንግሥታት ይህን ጕድለት አይተው መሣሪያውን ለውጠዋል። ቤልጂክ በጁላይ 2022፣ ኔዘርላንድስና ጀርመን በ2023 ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ቅንጣቶቹን በቀጥታ የሚቈጥር ምርመራ ጀመሩ። በኔዘርላንድስ ለአዳዲሶቹ ሞተሮች የተወሰነው ልክ በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር አየር 1,000,000 ቅንጣት ሲሆን፣ በጀርመን 250,000 ነው። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ማጣሪያው የተነቀለበት ወይም የተሰነጠቀበት መኪና ከዚህ ልክ በብዙ ስለሚያልፍ መደበቅ አይችልም። ሕጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕጉን የሚያይ ዐይን ነው።

ጥፋተኛው ሁልጊዜ ትንሹ ሰው ነው ማለትም ትክክል አይሆንም። በሴፕቴምበር 2015 የፎልክስዋገን ኩባንያ ለፈተና ጊዜ ብቻ ሞተሩ ንጹሕ እንዲሆን የሚያደርግ የኮምፒዩተር ትእዛዝ በመኪናዎቹ ውስጥ ማስገባቱ ታወቀ፤ ኩባንያውም በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች እንደሚነኩ አመነ። ያ ነገር የሚመለከተው ናይትሮጅን ያለበትን ጋዝ እንጂ ጥቀርሻውን አልነበረም። ሆኖም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ፈተናው በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ብቻ የሚደረግ ሲሆን፣ ትልቁም ትንሹም ለዚያች ሰዓት ብቻ መዘጋጀትን ይማራል።

ሸክሙ የተከፋፈለበት መንገድ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ንጹሕ አየር የሁሉ ነው፤ ማጣሪያውን የሚያስጠግነው ግን አንድ ሰው ነው። ይህም ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ገዢ አይደለም። ትልልቅ ድርጅቶች ቫኑን አዲስ ገዝተው፣ ማጣሪያው ገና ጤናማ ሳለ ለጥቂት ዓመታት ነድተው ይሸጡታል። አመዱ ሞልቶ ማጣሪያው የሚደፈነው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ባለቤት እጅ ነው። እርሱም አሮጌ የገዛው አዲስ መግዛት ስላልቻለ ነው። እንግዲህ ደንቡ የተወለደው በሀብታሙ እጅ ሲሆን፣ ዕዳው የሚደርሰው በድኻው ላይ ነው።

በለንደን ከተማ የሆነውም ይህን ያጎላዋል። ንጹሕ ላልሆኑ መኪናዎች የዕለት ክፍያ የሚጠየቅበት ክልል በኤፕሪል 2019 በመካከለኛው ከተማ ተጀምሮ በኦገስት 2023 የለንደንን አውራጃዎች ሁሉ አጠቃለለ። የናፍጣ ቫን ከክፍያው ነጻ የሚሆነው ኤውሮ 6 የተባለውን የኋለኛውን ደንብ ሲያሟላ ነው፤ አለዚያ በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። ስለዚህ ኤውሮ 5 ቫን ያለው ሰው ማጣሪያውን በታማኝነት ቢያስጠግንም፣ ክፍያው በሌላው ጋዝ ምክንያት ስለ ሆነ ከመክፈል አይድንም። ሕጉን ያከበረውና ማጣሪያውን ነቅሎ የጣለው በአንድ በር እኩል ከፍለው ይገባሉ። የክፍያው ዓላማ ቅን መሆኑን አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ታማኙን ከአታላዩ የማይለይ ደንብ ታማኙን ያደክማል።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች ማጣሪያው ይቅር ይላሉ። ይህ ሐሳብ የኤላን ሰፈር የሚረሳ ስለ ሆነ ልንቀበለው አይገባም። መፍትሔው ታማኝነትን ከማታለል ይልቅ ርካሽ ማድረግ ነው። አምራቹ ለማጣሪያው የሚሰጠው ዋስትና ለጥቂት ዓመት ብቻ ሳይሆን መኪናው ለሚኖርበት ዕድሜ የተመጠነ ይሁን፤ ማጣሪያው ያለ ብዙ ድካም ወጥቶ የሚታጠብ ሆኖ ይሠራ፤ አሮጌ መኪና ሲሸጥ የአመዱ መጠን ተነብቦ ለገዢው ይነገረው፤ ምርመራውም ቅንጣትን የሚቈጥር ይሁን። ይህ ከሆነ ትንሹ ነጋዴ ከሁለት ክፉ ነገሮች አንዱን ለመምረጥ አይገደድም።

ለእኛስ ምን ያስተምረናል

ይህ የኤውሮፓ ነገር ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ የመኪና ዕድሜ በተገዛበት አገር እንደማያልቅ ያስታውስ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከ2015 እስከ 2018 ድረስ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪናዎች ከአገር ወደ አገር ተሸጠዋል፤ ከእነዚህም ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው አፍሪካ ናት። በዚያ ማጣሪያው የተደፈነበት ወይም የተነቀለበት መኪና በዚህ በኩል «ጥሩ ሞተር ያለው» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። ደግሞም ማጣሪያው ያለ ንጹሕ ነዳጅ አይኖርም። በኤውሮፓ ኅብረት ከ2009 ጀምሮ በናፍጣ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ10 እጅ በላይ ድኝ እንዳይኖር የተወሰነው፣ ድኝ የማጣሪያውን ቅብ ስለሚጎዳ ነው። ስለዚህ መኪናውን፣ ነዳጁን፣ ዘይቱንና መካኒኩን አንድ ላይ ሳያስቡ ማጣሪያን ብቻ ማዘዝ ውጤት አይሰጥም።

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስና ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ መልሳለች። ቀድሞ የገቡት የናፍጣ መኪናዎች ግን ገና ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ ይኖራሉ። በኤሌክትሪኩም ቢሆን ጥያቄው መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ባትሪው ሲደክም ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የደከመ መሆኑንስ ሁለተኛው ገዢ በምን ያውቃል? ሊጠግነው የሚችል መካኒክ አስተምረናል ወይ? የማጣሪያው ታሪክ እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚገባ ያሳያል።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ አባቶቻችን። ለመኪናም ለሕግም አያያዝ ያስፈልጋል። ደንብ የሚጽፍ ወጣት ባለሥልጣን፣ ዕቃው አዲስ ሆኖ ሲያበራ ብቻ ሳይሆን፣ ከ10 ዓመት በኋላ በድኻ እጅ ገብቶ ሲደፈን ምን እንደሚሆን በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። በመጀመሪያው ቀን ያልታሰበ ወጪ በመጨረሻው ቀን በአንድ ሰው ኪስ ወይም በአንድ ልጅ ሳንባ ይከፈላልና።